ሳንባውን የወሰደው አባ ኮዳ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ወርጄ ሥጋ ቤት በር ላይ የተንጠለጠለ የበሬ ሳንባ አየሁና እግሬ ቆመ። ጠዋት የታረደ፣ ገና የሚያንጠባጥብ ሳንባ። ዝንቡ ይዞረዋል፣ ትኩስ የደም ሽታው ከመንገዱ አቧራ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሞላው። ባለ ሥጋ ቤቱ ቢላውን እያፋጨ "ለውሻ ነው እህት? ልቁረጥልሽ?" አለኝ። አንቺዬ፣ ሰው ሳንባ አይቶ ሆድ ሲብሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔን ሆድ ባሰኝ። "ቆይማ አንዴ" አልኩትና ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ለማን እንደደወልኩ ኋላ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ስለ አባቴና ስለዚያ ውሻ ካልነገርኩሽ ነገሩ አይገባሽም።

አባቴ ተጠራጣሪ ሰው ነበር። ተጠራጣሪ ስልሽ እንደማንኛውም ሰው እንዳይመስልሽ። ዕድሜውን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍ ይዞ የኖረ ነው፤ ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን አስረከበ፣ ጥርጣሬውን ግን ይዞት ሴቻ ሰፈር ቤታችን መጣ። ወተት ሻጯ ስትመጣ መጀመሪያ ራሷን ያስቀምሳታል። የስኳር ዕቃው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጋል። "እንዲሁ ልጠይቃችሁ ብዬ ነው" የሚል እንግዳ ከመጣማ አለቀለት! ሰውየው ገና ከበር ሳይርቅ አባዬ "እንዲሁ የሚባል ነገር የለም፤ ምን ፈልጎ ነው?" ይለናል። የቸርች ሽማግሌ ነበር፣ ጸሎቱም ያምር ነበር። እማዬ ግን "አባታችሁ እኮ ሲጸልይ እንኳ አንድ ዓይኑን አይጨፍንም" እያለች ትስቅበት ነበር።

እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬው ከመሬት የተነሳ አልነበረም። ታናሽ እህቱን፣ አክስታችንን፣ አንደበቱ ማር የሆነ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው አግብቷት ነበር። "ደህና ሰው ነው" ብሎ የዳራት አባዬ ራሱ ነው። የሰውየው እጅ ግን ክፉ ሆነ። አክስታችን አንድ ዓይኗ አብጦ ቤታችን የመጣችበትን ቀን ሕፃን ሆኜ አስታውሳለሁ። እማዬ ውኃ ታሞቃለች፣ አባዬ ደግሞ ግድግዳውን ይዞ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ የሚስቅ ወንድ ሲያይ ፊቱ ይጠቁር ነበር።

እንግዲህ እዚህ ቤት ላይ ነው ያ ልጅ የመጣው። ደሴ ተወልዶ፣ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ እዚሁ የቀረ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካሉት ሎጆች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ የሆነ ልጅ። ታላቅ እህቴ ፋርማሲ ትሠራ ነበር። ይህ ልጅ ስንት ጊዜ ራሱን እንዳመመው እግዚአብሔር ይወቀው፣ ከፋርማሲው አይጠፋም። እሑድ እሑድም ቸርቻችን ይመጣል። አባዬ ዘንድ ግን ጥፋቱ ብዙ ነበር፤ ዘመዱን የሚያውቅ የለም፣ ሰው ሲያይ ይስቃል፣ ጫማውም ሁልጊዜ ያብለጨልጫል። "በዚህ ሁሉ አቧራ ጫማው የማይቆሽሸው ምን ቢሠራ ነው?" ይል ነበር።

አንድ እሑድ ከቸርች ስንመለስ ልጁ ካርቶን ታቅፎ በራችን ላይ ቆሟል። ካርቶኑ ያለቅሳል። አባዬ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ልጁ ክዳኑን ሲከፍተው ጆሮው የተንጠለጠለ፣ መዳፉ ከሰውነቱ የበለጠ፣ መልኩ የበሰለ ማንጎ የመሰለ ቡችላ አንገቱን ብቅ አደረገ። ላብራዶር ነው አለን፤ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ውሻው የወለደቻቸውን ሲያድል ደርሶት ነው።

"ምን እናድርገው?" አለ አባዬ።

"ለቤቱ ጥበቃ ይሆናል ብዬ ነው አባባ፤ እንዲሁ..."

"እንዲሁ!" አለ አባዬ ወደ እኛ ዞሮ። "ሰማችሁ? እንዲሁ!" ከዚያም ድምፁን ከፍ አደረገ። "ሰው ልጅ ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል። ይሄ ውሻ ላከብኝ እኮ ጎበዝ!"

እህቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ቡችላው ግን ነገሩ ምንም ሳይመስለው ከካርቶኑ ወጥቶ የአባዬን የእሑድ ሱሪ ጫፍ ይጎትት ጀመር። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ "አባባ፣ ይህ ዝርያ ከልጅነቱ መታዘዝ ካልተማረ ቤት ያፈርሳል። ቢፈቅዱልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ላሠልጥነው" አለ። አባዬ ዓይኑን አጥብቦ አየው። "የሚሠለጥነው ውሻው ብቻ ነው አይደል?" አለው። "ውሻው ብቻ ነው አባባ።" "እንግዲያው እዚህ ግቢ፣ እኔ ፊት።" በዚህ ተስማሙ። ቡችላውንም ማንጎ አልነው፤ ልጁን ደግሞ እኔና እማዬ "አሠልጣኙ" እያልን እናማው ጀመር።

ግቢያችን ያን ጊዜ ሰፊ ነበር። ዛሬ ተከራዮች ቤት ሠርተውበት አንድ ወንበር ማዞሪያ የለውም። ከአጥሩ ባሻገር አባያ ሸክላ የመሰለ ቀይ ውኃውን ዘርግቶ ይታያል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሳ መሬት ላይ የወደቀው ማንጎ ሽታ ግቢውን ያውደዋል። አባዬ ማንጎው ዛፍ ሥር ወንበሩን ያወጣና መጽሐፍ ቅዱሱን ጉልበቱ ላይ ይዘረጋል። ገጽ ሲገልጥ ግን አላየሁም። እኔ ደረጃው ላይ ደብተሬን ይዤ እቀመጣለሁ፤ እህቴን እንድጠብቅ አባዬ አዞኛል፣ አባዬን እንድጠብቅ ደግሞ እህቴ አዛኛለች።

አሠልጣኙ ኪሱ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ዓሣ ይዞ ይመጣል። "ተቀመጥ።" ማንጎ ይጋደማል። "ና።" ማንጎ ዶሮ ሊያባርር ይሄዳል። "ቆይ።" ማንጎ ከፊቱ ደርሶ ኪሱን ያሸታል። ከሁሉ የከበደው "ተው" ነበር። ዓሣውን መሬት ላይ ያስቀምጥና "ተው" ይለዋል፤ ማንጎ "ብላ" እስኪባል ሳይነካው መጠበቅ አለበት። ይጠብቃል? ገና ቃሉ ሳያልቅ ዓሣው የለም! እማዬ ልብስ እያሰጣች "እንኳን እሱ፣ አባታችሁም ሥጋ ፊት እንዲህ አይታገሥም" ትላለች። ጎረቤታችን ሸማኔው ደግሞ፣ የጋሞ ደጋ፣ የኦቾሎ ሰው ነው፣ ቀኑን ሙሉ የመወርወሪያው ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ ይሰማል። ድምፁ ድንገት ከቆመ ጭንቅላቱ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ ማለት ነው፤ በአገሩ ሰላምታ ይጀምራል። "ሳሮ! ሳሮ ጎረቤቶች! ዛሬስ ማን ሠለጠነ? ውሻው ነው አማቹ?" አባዬ "አማች የሚባል የለም እዚህ!" ይልና መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍ ያደርጋል።

እኔ አባዬን ሳየው አንድ ነገር ገረመኝ። ውሻውን አያይም ነበር። ዓይኑ የተተከለው የአሠልጣኙ እጆች ላይ ነው። እጁ ወደ ኪሱ ሲገባ አብሮ ይገባል፣ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ምን ሊሰርቅብን ነው ብሎ ይሆን እያልኩ እኔም እጁን ማየት ጀመርኩ።

የዝናቡ ወራት ሲገባ አሠልጣኙ አዲስ የቆዳ ጫማ አድርጎ መጣ። ጭቃ እንዳይነካው አውልቆ ደረጃው ላይ አስቀመጠና በባዶ እግሩ ማንጎን "ቆይ" ሊያስተምር ወረደ። ማንጎ እንደምንም ቆየ። አሠልጣኙ ደስ ብሎት "አየሽ? አየሽ?" እያለ ወደ እህቴ ሲዞር ውሻው በጎኑ ሾልኮ ጫማውን ማንጎ ዛፍ ሥር ወሰደው። ስንደርስ አንዱ ጫማ ምላሱ ተነቅሎ ወጥቷል፣ ተረከዙ የለም። አባዬ ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ። አሠልጣኙ ፊቱ ቀላ፣ ትንፋሹን ሳብ አደረገ፣ ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ አለና የቀረውን ጫማ ከማንጎ አፍ ቀስ ብሎ እያላቀቀ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ 'ብላ' ሳልለው መራቅ አልነበረብኝም" ብሎ ሳቀ። ማንጎ እጁን ላሰው። ልጁ ወደ ሎጁ የተመለሰው በእማዬ የጓዳ ነጠላ ጫማ ነው፤ መንገድ ላይ የሳቀበት ብዙ ነው። አባዬ ወንበሩን ይዞ ገባ።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው ክፉ ጥርጣሬ የገባኝ። አባዬ ማምሻው ላይ ማንጎን እየጠራ ወደ ቤቱ ጀርባ ይወስደው ጀመር። ያ ግቢ ሲገባ ውሻውን በእግሩ ገፍቶ የሚያልፍ ሰው! አንድ ቀን ተከትዬ ጥጉ ላይ ቆምኩ። የአባዬ ድምፅ በሹክሹክታ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። ማንጎ ሲመለስ ከንፈሩን ይልሳል። ሮጬ ለእህቴ ነገርኳት። እህቴ ፊቷ አመድ መሰለ። "ሊያለማምደው ነው" አለችኝ። "ምን?" "ከእጁ መብላት። አንድ ቀን የተመረዘ ሥጋ ሊሰጠው። ውሻው ከሞተ አሠልጣኙም መምጫ የለውም።" እኔና እህቴ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረንም። እሷ ከፋርማሲ ስትመለስ መጀመሪያ የምትሮጠው የማንጎን አፍንጫ ለመንካት ነው፤ እርጥብና ቀዝቃዛ ከሆነ ታመሰግናለች። አባቷን እንዲህ መጠርጠር ይገባት ነበር? እሷስ የማን ልጅ ሆነችና!

መስቀል ሲቃረብ አሠልጣኙ በሁለት የቸርች ሰዎች አማካይነት "ሽማግሌ ልላክ ወይ?" ብሎ አስጠየቀ። አባዬ መልሱን የሰጠው ለቅርጫው ገንዘብ ሊያዋጡ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ሁሉ ባሉበት ነው። አባዬ ደመራ አይወጣም፤ ቅርጫ ግን አይቀርም፣ "ሥጋው ምን አደረገኝ?" ይላል። "ልጄን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም ብያለሁ፤ አሁንም አልሰጥም" አለ። ከዚያ ጢሙን ዳበሰ። "ነገር ግን ይህ ሰው ዓመት ሊሞላው ነው ውሻ አሠለጠንኩ ሲል። ቃሉ እውነት መሆኑን ልየው። በሬው የሚታረደው እኛ ግቢ ነው። ውሻው ሳይታሰር ከሥጋው አጠገብ ይቀመጥ። ዕጣ ተጥሎ ሥጋው እስኪነሳ ካልነካ፣ ሽማግሌውን ይላክ። ከነካ ግን ውሻውን ይዞ ይሂድ፣ በዚያው ይቅር።"

ሸማኔው እጁን አጨበጨበ። "ላብራዶር ሥጋ ፊት! ጋሼ፣ በቀጥታ እምቢ ማለት አይሻልም?" አለ። ሁሉም ሳቀ። እህቴ መስኮቱ ሥር ሆና ሁሉንም ሰምታለች። "በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው" አለችኝ። "ውሻ ሥጋ አይነካም ብሎ የሚያምን ማን አለ? አውቆ ነው።" ምን ብዬ ላጽናናት? እኔም የመሰለኝ እንደዚያው ነው።

ይባስ ብሎ በዋዜማው የማንጎ ሳህን ጠዋትም ባዶ፣ ማታም ባዶ ሆነ። ውሻው ሳህኑን በአፍንጫው እየገፋ ግቢውን ዞረ። ሆዴ አልቻለም፣ የተረፈ ቂጣ ደብቄ ልሰጠው ስሄድ አባዬ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እጄን ያዘኝ። "ተይው። ዛሬ ምንም አይበላም።" "ለምን?" "ምክንያት አለኝ።" ምክንያቱማ ግልጽ ነው አልኩ በልቤ፤ አስርቦ ሊያስነካው ነው። ያን ዕለት አባቴን ጠላሁት። እውነቴን ነው፣ ጠላሁት።

በሬው ጎህ ሲቀድ ታረደ። የሙዝ ቅጠል ተነጠፈ፣ ወንዶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆዳውን ይገፍፋሉ፣ ገደሉ ላይ ዝንጀሮዎች ይጮኻሉ። ጣሪያችን ላይ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ አንገቱ ላይ ኮሮጆ የሚያንጠለጥለው ትልቅ ወፍ፣ መጥቶ ራሰ በራውን እያዘነበለ ቁልቁል ያያል፤ እዚህ አገር በሬ ታርዶ አባ ኮዳ ሳይጠራ መምጣቱ አይቀርም። አሠልጣኙ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፣ ከንፈሩ ደርቋል። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ጣቷን ትነክሳለች። ሥጋው መደብ መደብ ሆኖ በቅጠሉ ላይ ሲዘረጋ አባዬ ማንጎን ከቤቱ ጀርባ ይዞት መጣና ለቀቀው።

አሠልጣኙ "ተቀመጥ" አለው። ማንጎ ተቀመጠ። "ቆይ። ተው።" ከዚያ ወደ ኋላ ሸሸ። ከአፍንጫው ሥር ትንሽ የዳቢት ሥጋ ተራራ አለ። ማንጎ አሸተተው። እህቴ ዓይኗን ጨፈነች። ሰዎቹ ዕጣ መሰብሰብ ጀመሩ፤ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር ይሰጣል፣ "ያንተ የቱ ነው?" እየተባለ ይጨቃጨቃሉ፣ ጊዜው አይሄድም። ማንጎ ሥጋውን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ረጅም ማዛጋት አዛጋ። ከዚያም፣ አንቺዬ፣ ጎኑን ጥሎ ተኛ። ዕጣው ተጥሎ ሥጋው ተነስቶ እስኪያልቅ እያንኮራፋ ተኛ!

ግቢው በሳቅና በእልልታ ተናወጠ። አሠልጣኙ እንባው መጣ። "አሠልጥኜዋለሁ ብዬ አልነበር አባባ?" እያለ አባዬ ጉልበት ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። አባዬ ፊቱን አጨፍግጎ "እንግዲህ ቃል ቃል ነው። ሽማግሌህን ላክ" አለ። ሰው ሁሉ አባዬ ተሸነፈ ብሎ አጨበጨበ።

በዚህ መሐል ሸማኔው "ቆይ ቆይ፣ ሳንባውስ?" አለ። የበሬው ሳንባ ለሸማኔው ውሻ እንዲሆን አስቀድመው ተነጋግረው ነበር። ፈለጉ፣ የለም። አባዬ ጣሪያውን በከዘራው አሳየ። "አባ ኮዳ ወሰደው።"

"ሙሉውን?"

"ሙሉውን።"

አባ ኮዳውን አየሁት። ኮሮጆው ተሸብሽቦ ተንጠልጥሏል፣ ዓይኑ አሁንም ሰው የያዘው ሥጋ ላይ ነው፤ የበላ ወፍ አይመስልም። ከዚያ የአባዬን ጋቢ አየሁ። ሸማኔው ራሱ የሠራለት ነጭ ጋቢ ነው፤ ከውስጥ በኩል ብብቱ ሥር ቀይ ሆኗል።

ቀስ ብዬ ወደ ቤቱ ጀርባ ሄድኩ። የማንጎ ሳህን ደም በደም ሆኖ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ሳህኑን ሳነሳ አባዬ ከኋላዬ መጣ።

"አባ ኮዳ ነው የወሰደው" አለ፣ ገና ሳልጠይቀው።

"አባ ኮዳ በሳህን መብላት የጀመረው መቼ ነው?" አልኩት።

ሳቁን መያዝ አልቻለም። ዞር ዞር ብሎ ሰው አለመኖሩን አየና፣ መቼም ጠባዩ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ትናንት ቂጣውን የከለከልኩሽ ለምን ይመስልሻል? ትናንት በልቶ ቢሆን ይሄን ሁሉ ሳንባ አይጨርስም ነበር። 'ተው' ማለትን እዚህ ጓሮ ስንት ማታ በጉበት አስተምሬዋለሁ፤ ግን አላመንኩትም። ሆዱ ውስጥ ቦታ ያለው ውሻ አይታመንም።"

"ልጁንስ ታምነዋለህ?"

የራሱን እጅ ዘርግቶ አየው። "ልጁን ያመንኩት ጫማው የተበላ ቀን ነው። ያን ሁሉ ቅዳሜ እጁን ነበር የማየው። ይነሳል ብዬ። ውሻ ላይ የተነሳ እጅ ሚስት ላይም ይነሳል። አልተነሳም። አክስትሽን የሰጠሁ ጊዜ እንዲህ ማየት አላወቅኩበትም።"

"ታዲያ ለምን ዝም ብለህ እሺ አላልክም?"

"ሰው ሁሉ ፊት እምቢ ብያለሁ እኮ ልጄ! ቃሌን ከምውጥ ውሻው ሳንባ ቢውጥ ይሻላል።" ቆጣ ብሎ ጣቱን አነሳብኝ። "እኔ በሕይወት እያለሁ ለማንም እንዳትናገሪ። ለእህትሽም ጭምር።" ቃል ገባሁለት።

እህቴ ተድራ ባሏን ተከትላ ደሴ ሄደች። ማንጎ ከአባዬ ጋር ቀረ። ማታ ማታ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የአባያ ውኃ እስኪጠቁር ያያሉ፤ ወደ ግቢያችን የሚመጣውን ሰው ሁሉ አባዬ ይጠረጥራል፣ ማንጎ ደግሞ ጭራውን ይቆላለታል። ማንጎ አርጅቶ ሞተና ማንጎው ዛፍ ሥር ቀበርነው። አባዬ ያን ዕለት ምሳ አልበላም። እህቴ በዓል በዓል ትመጣ ነበር፤ አባዬን ታከብረዋለች፣ ስጦታ ታመጣለታለች፣ ግን አጠገቡ ስትቀመጥ እንደ እንግዳ ነበር። አባዬም አያውቅበትም፣ "መንገዱ ደህና ነበር?" ይላትና ዝም ይላል።

ዘንድሮ ክረምት አባዬ ዐረፈ። ለቅሶ ቤት ውስጥ የእህቴ ባል፣ የእኛ አሠልጣኝ፣ ለጎረቤቱ የማንጎን ታሪክ ለስንተኛ ጊዜ ያወራል፤ "ያሠለጠንኩት ውሻ ሥጋ ፊት እንቅልፍ ወሰደው!" ሰው በእንባ መሐል ይስቃል። እህቴ ግን አልሳቀችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "አየሽ፣ አባዬ ወዶ አልሰጠኝም። ውሻ ረታው እንጂ። እንደተቀየመኝ ሄደ" አለችኝ። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ስለነበር እውነቱን ልነግራት አልቻልኩም። በማግስቱ ሄዱ።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ቆሜ የደወልኩት ለእሷ ነው። ቃሌ "በሕይወት እያለሁ" ነበር፣ እሱ ደግሞ የለም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጉበቱን፣ ባዶውን ሳህን፣ ጫማውን፣ ያያቸውን እጆች፣ ጋቢው ውስጥ የነበረውን ደም።

"ሳንባውን አባዬ ነው የሰጠው?" አለች።

"አባዬ ነው።"

"ሙሉውን?"

"ሙሉውን።"

አለቀሰች። ለቅሶ ቤት ያላለቀሰችውን ለቅሶ፣ እንደ ልጅ "አባዬ፣ አባዬ" እያለች አለቀሰች። ከወዲያ ባሏ "ምን ሆንሽ? ምን ሆነሽ ነው?" ሲል ይሰማኛል። "ለእሱ እንዳትነግሪው" አልኳት። በእንባዋ መሐል ሳቀች፤ "እሱማ አሠልጣኝ ነው፣ ይቅርበት" አለች።

ስልኩን ስዘጋ ባለ ሥጋ ቤቱ ቢላውን ይዞ አሁንም ይጠብቀኛል። "እህት፣ ምን ያህል ልቁረጥልሽ?" አለኝ።

"ሙሉውን ጠቅልልልኝ" አልኩት። ውሻ እንኳ የለኝም።